«ሙሉ ኢንሹራንስ» ምን ያህል ሙሉ ነው?

የመኪና ባለቤት ከመፈረሙ በፊት ሊያውቃቸው የሚገቡ ሽፋኖችና ተቀናሾች

«መኪናው ሙሉ ኢንሹራንስ አለው» የሚለውን አባባል የማያውቅ የመኪና ባለቤት የለም። ዳሩ ግን «ሙሉ» የተባለው ውል የቱን ያህል ሙሉ እንደሆነ የሚታወቀው አብዛኛውን ጊዜ መኪናው ተጋጭቶ ጋራዥ ከገባና የካሣው ስሌት ከተሠራ በኋላ ነው። 300 ሺህ ብር የጠበቀ ባለንብረት 135 ሺህ ብር ሊነገረው ይችላል። ያኔ «ተበደልኩ» ማለት ይመጣል። ውሉ ሲገለጥ ግን ነገሩ ሁሉ ከራሱ ፊርማ በላይ ሰፍሮ ይገኛል። ለመሆኑ ቀሪው 165 ሺህ ብር የት ገባ? መልሱን ከማግኘታችን በፊት ግዴታውንና ውዴታውን እንለይ።

ግዴታውና ውዴታው

ግዴታው የሦስተኛ ወገን መድን ነው። በ2000 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 559፣ በኋላም እርሱን በተካው የ2005 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 799 መሠረት ያለዚህ መድን በመንገድ ላይ መንዳት ክልክል ነው። ይሁን እንጂ ይህ መድን የሚክሰው የተገጨውን ሰው ወይም የሌላውን ንብረት እንጂ የባለቤቱን መኪና አይደለም። ለሌላው የሚከፈለውም ጣሪያ አለው። አዋጅ 799 ሲወጣ ለንብረት ጉዳት የተቀመጠው ጣሪያ 100 ሺህ ብር ነበር።

ከጣሪያው በላይ ያለውስ? የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤትን ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ስለዚህ ልዩነቱ የሚወጣው ከባለቤቱ ኪስ ነው። ውድ መኪና የገጨ ሰው በግዴታው መድን ብቻ ተማምኖ ቢቀመጥ ቤቱን እስከ መሸጥ ሊደርስ ይችላል። ከውዴታ ሽፋኖች መካከል በቅድሚያ ሊጠየቅ የሚገባውም ይኸው የሦስተኛ ወገንን ጣሪያ ከፍ የሚያደርገው ነው።

የራስን መኪና ለመጠበቅ ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። አንደኛው ለእሳትና ለስርቆት ብቻ የሚገባ ነው። ሁለተኛው ግጭትንና መገልበጥን የሚጨምረው፣ በገበያው «ሙሉ» የሚባለው ነው። መኪና አስይዞ ከባንክ የተበደረ ሰው ሁለተኛውን የባንኩ ስም በውሉ ተጠቅሶ እንዲገዛ ይጠየቃል።

ከ«ሙሉ» ውጭ የሚቀሩ

«ሙሉ» የሚባለው ውል ግን በርካታ ነገሮችን ወደ ውጭ ይተዋል። ተጨማሪ ዓረቦን ተከፍሎባቸው ብቻ የሚገቡት የሚከተሉት ናቸው።

ሽፍታና ሽምቅ ተዋጊ፦ በአገራችን ገበያ «ቢ.ኤስ.ጂ.» በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀው ነው። ከከተማ ወጥቶ ለሚሠራ የጭነት ወይም የሕዝብ ማመላለሻ መኪና ዋነኛ ጥያቄ ነው።

ሁከት፣ አድማና ፖለቲካዊ ጥቃት፦ በ2008 እና በ2009 ዓ.ም. በተነሱት ሁከቶች ተሽከርካሪዎችና ሌሎች ንብረቶች ከተቃጠሉ በኋላ ፈላጊው በዝቷል። ይህና ቢ.ኤስ.ጂ. አንድ አይደሉም። አንዱን የገዛ ሌላውን እንደገዛ አይቆጠርም።

ተሳፋሪና ሾፌር፦ በመኪናው ውስጥ ላለው ሰው ሞትና አካል ጉዳት የሚከፈል ነው። ቤተሰቡን ይዞ ለሚጓዝም ይጠቅማል።

የዕቃ ስርቆት፦ በብዙ ውሎች መኪናው ሙሉ በሙሉ ሲሰረቅ እንጂ ስፖኪዮ፣ ጎማ ወይም ቴፕ ተነቅሎ ሲወሰድ ካሣ የለም። በዚህ በኩል ያለውን ቃል በቃል ማንበብ ይገባል።

ቢጫ ካርድ፦ ወደ ጂቡቲ ወይም ወደ ኬንያ የሚያልፍ ተሽከርካሪ በዚያ አገር ለሚያደርሰው የሦስተኛ ወገን ጉዳት የኮሜሳን ቢጫ ካርድ ይይዛል። የራሱ መኪና ከድንበር ባሻገር ቢጎዳ ግን ሌላ ስምምነት ያስፈልጋል።

ተቀናሹ ለምን መጣ?

ተቀናሽ፣ በኩባንያዎቹ አጠራር «ኤክሰስ»፣ ከእያንዳንዱ ጉዳት ባለንብረቱ ራሱ የሚሸከመው ድርሻ ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጥቃቅን ጭረት ሁሉ ኩባንያውን ቢያንኳኳ የመርማሪውና የወረቀቱ ወጪ ከካሣው ይበልጣል። ሁለተኛ፣ የራሱ ገንዘብ የሚነካበት ሰው ይጠነቀቃል። ተቀናሹ ቁርጥ ያለ ብር ሊሆን ይችላል፤ ወይም «ከካሣው 10 በመቶ፣ ከ5 ሺህ ብር ያላነሰ» እንደሚባለው በመቶኛ ሊሰላ ይችላል። መንጃ ፈቃድ በቅርቡ ያወጣ ሾፌር ሲነዳ ተጨማሪ ተቀናሽ የሚያስከፍሉ ውሎችም አሉ።

ከፍ ያለ ተቀናሽ የተቀበለ ሰው ዓረቦኑ ይቀንስለታል። ለምሳሌ ያህል በ5 ሺህ ብር ተቀናሽ ዓረቦኑ 36 ሺህ፣ በ25 ሺህ ተቀናሽ ደግሞ 30 ሺህ ብር ቢሆን በዓመት 6 ሺህ ብር ይተርፋል። አደጋ በደረሰ ጊዜ ግን 20 ሺህ ብር ይጨመራል። በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚጋጭ ሰው 24 ሺህ አትርፎ 20 ሺህ ይከፍላልና ይጠቅመዋል። በየሁለት ዓመቱ የሚጋጭ ግን 12 ሺህ አትርፎ 20 ሺህ ይከስራል። ከሁሉ በፊት ግን 25 ሺህ ብሩን በአስፈላጊው ቀን ማውጣት ይችላል ወይ የሚለው መታየት አለበት።

ሌላም ስሌት አለ። የ7 ሺህ ብር ጉዳት የደረሰበት ሰው 5 ሺህ ሲቀነስ የሚያገኘው 2 ሺህ ብር ነው። ነገር ግን ካሣ ሳይጠይቅ ለቆየበት ጊዜ ከ36 ሺህ ዓረቦን ላይ 20 በመቶ ቅናሽ ያገኝ ከነበረ፣ ያችን 2 ሺህ ብር በመጠየቁ በሚቀጥለው ዓመት 7,200 ብር ሊያጣ ነው። እንዲህ ያለውን ጭረት በራስ ኪስ መጠገን ይሻላል።

ትልቁ ጉድጓድ፦ የመኪናው ዋጋ

አሁን ወደ 165 ሺህ ብሩ እንመለስ። መኪናው ከጥቂት ዓመታት በፊት በ1.2 ሚሊዮን ብር ተገዛ እንበል። ባለቤቱ በየዓመቱ ውሉን የሚያድሰው በዚያው ዋጋ ነው፤ ዓረቦኑ እንዳይጨምር። ገበያው ግን ቆሞ አልጠበቀውም። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከሉ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ተለቀቀ። መኪናው ዛሬ 2.4 ሚሊዮን ብር ያወጣል እንበል።

የ1952ቱ የንግድ ሕግ የመድን ክፍል፣ ዛሬም በሥራ ላይ ያለው፣ ከዋጋው በታች ዋስትና የገባ ሰው ለልዩነቱ ራሱ የራሱ መድን ሰጪ እንደሆነ ይቆጠራል ይላል። በዚህ መሠረት በግማሽ ዋጋ የገባ ሰው የ300 ሺህ ብር ጥገና ሲገጥመው የኩባንያው ድርሻ 150 ሺህ ነው። ከዚህ ላይ 10 በመቶ ተቀናሹ 15 ሺህ ይወጣል። እጁ የሚገባው 135 ሺህ ብር ነው። በዓረቦን ላይ የቆጠባት ጥቂት ሺህ ብር በአንድ ቀን 150 ሺህ አስከፈለችው ማለት ነው። ከዋጋ በላይ ማስገባትም ትርፍ የለውም፤ ሕጉ ካሣው አደጋው በደረሰበት ቀን ከነበረው ዋጋ አይለፍ ይላልና።

ከመፈረም በፊት

አንባቢው ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት እነዚህን ይጠይቅ። መኪናው ዛሬ በገበያ ስንት ያወጣል፤ በውሉስ ስንት ተጻፈ? ተቀናሹ ስንት ነው፤ ዝቅተኛውስ? የሦስተኛ ወገን ጣሪያ የት ላይ ይቆማል? በአሮጌ ዕቃ ፋንታ አዲስ ሲገባ የሚቀነስ አለ? አደጋ ሲደርስ በስንት ቀን ውስጥ ማሳወቅ ይገባል? መኪናው የቤት ተብሎ ተመዝግቦ በኪራይ ቢሠራስ? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ ከተመዘገበበት አገልግሎት ውጭ የተነዳ መኪና ካሣውን ጨርሶ ሊያጣ ይችላል።

መልሱን ከወኪሉ አፍ ሳይሆን ከውሉ ላይ ማየት ይበጃል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንደሚባለው፣ ካሣ የሚከፈለው በወረቀቱ ልክ ነው።