ስለ ኢንሹራንስ ውልና ከአደጋ በኋላ ስለሚነሣው ክርክር

ነጋዴ ለንብረቱ ኢንሹራንስ በገባ ጊዜ ከሐሳብ ያረፈ መስሎት ፖሊሲውን በሣጥን ያኖረዋል፤ አውጥቶ የሚያነበው ብዙ ጊዜ መጋዘኑ ከተቃጠለ በኋላ ነው። ክርክሩም የሚጀመረው በዚያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ጠብ የሚያስነሡትን ዋና ዋና ነገሮች ለክቡራን አንባቢዎቻችን ከዚህ በታች እንገልጻለን።

በአገራችን ይህን ጉዳይ የሚገዛው በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የንግድ ሕግ ነው። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ቢወጣም፣ ስለ ኢንሹራንስ የተደነገገው የቀድሞው ክፍል እንደ ጸና ነው።

አንደኛው ምክንያት የንብረቱ ዋጋ ነው። ካሣ ኪሣራን ይተካል እንጂ ትርፍ አያስገኝም። ከዋጋው በታች ኢንሹራንስ የገባ ሰውም፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ለጐደለው ራሱ ኢንሹራንስ ሰጪ እንደ ሆነ ይቈጠራል። 1,000,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ ያለው ባለሱቅ በ600,000 ብር ብቻ ቢያስመዘግብና የ300,000 ብር ዕቃ ቢቃጠልበት፣ የሚያገኘው 180,000 ብር ነው። የዕቃ ዋጋ በጨመረ ቍጥር ፖሊሲውን ማደስ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ስለ አደጋው ሁኔታ የሚሰጠው ቃል ነው። ሆን ብሎ የደበቀ ወይም ሐሰት የተናገረ ሰው ውሉ ፈራሽ ይሆንበታል፤ ባለማወቅ የተሳሳተ ግን ካሣው በተከፈለው አረቦን መጠን ይቀነስበታል። ጨርቅ ይሸጥ የነበረ ሱቅ ቀለምና ነዳጅ ማኖር ቢጀምር፣ አደጋው ስለሚብስ ለኢንሹራንስ ሰጪው ማስታወቅ ግዴታ ነው።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። አደጋ ሲደርስ ወዲያው፣ ቢዘገይም በአምስት ቀን ውስጥ ማስታወቅ ይገባል። ክስም በሁለት ዓመት ይርጋ ይታገዳል። ቸልተኝነት ካሣውን አያስቀርም፤ ሆን ብሎ የተደረገ ጥፋት ግን ያስቀራል።

አራተኛው፣ የንብረትን ኢንሹራንስ ከኀላፊነት ኢንሹራንስ ጋር ማደባለቅ ነው። እሳት ከሱቅዎ ተነሥቶ የጎረቤትን ዕቃ ቢያቃጥል፣ ለራስዎ ዕቃ የተገባው ፖሊሲ ጎረቤትዎን አይክስም፤ ለዚህ የኀላፊነት ኢንሹራንስ ያስፈልጋል። ይህም ቢኖር፣ ብዙ ፖሊሲዎች ኢንሹራንስ ሰጪው ሳይፈቅድ ጥፋትን ማመንን ወይም ዕርቅ ማድረግን ይከለክላሉና፣ በሽምግልና ከመስማማት በፊት ኢንሹራንስ ሰጪውን ማማከር ይገባል።

በመጨረሻም፣ የጠፋውን ዕቃ ዓይነትና ብዛት ማስረዳት የከሳሹ ፈንታ ነው። የዕቃ መዝገብና የግዥ ደረሰኝ ከዕቃው ጋር አብሮ ከተቃጠለ፣ እውነት ያለው ነጋዴ እንኳ ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ግልባጩን ከሱቁ ውጭ ማኖር፣ ፖሊሲውንም አደጋ ሳይደርስ ማንበብ ብልኅነት ነው።