የመተማ ሐሩር እና የአፍሪካ የሙቀት ክብረ ወሰን

በሚያዝያ ቀትር መተማ ውስጥ ፀሐይ ላይ የዋለ መኪና 50 ዲግሪ ቢያሳይ ክብረ ወሰን አይባልም። መኪናው የሚለካው የራሱን ብረትና የመንገዱን ግለት ጭምር ነው። የሜትሮሎጂ ባለሙያ የአየሩን ሙቀት የሚለካው ቴርሞሜትሩን ነጭ ቀለም በተቀባና አየር በሚያስተላልፍ ሳጥን ውስጥ፣ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ አድርጎ፣ በጥላ አስቀምጦ ነው። እንዲያ ተለክቶም መተማ በበጋው ማብቂያ 40 ዲግሪ ሴልሺየስን ያልፋል።

አንዱ ምክንያት ከፍታ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ፣ መተማ ዮሐንስ 700 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በ1,000 ሜትር ቁልቁለት ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ስለሚጨምር፣ ለሰሊጥ ሥራ ቆላ የሚወርደው ደገኛ ከከፍታው ልዩነት ብቻ 9 ዲግሪ ያህል ይጨመርበታል። ሌላው ፀሐይ ናት። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ፣ በመተማ አናት ላይ ቀጥ ብላ ትውላለች። የነሐሴዋን ደመናና ዝናብ ይመክቷታል። በሚያዝያ ግን መሬቱ ደርቋል፤ ግለቱን በትነት የሚቀንስ እርጥበት ስለሌለ ሁሉም አየሩን ወደ ማጋል ይሄዳል።

ያም ሆኖ የአህጉሩ ክብረ ወሰን ከዚህ ሩቅ ነው። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት የተቀበለው የአፍሪካ ከፍተኛ ሙቀት እ.ኤ.አ. በ1931 ቱኒዚያ ውስጥ ኬቢሊ ላይ የተመዘገበው 55 ዲግሪ ነው። ዝቅተኛውም ከወደ ሰሜን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1935 ሞሮኮ ውስጥ ኢፍራን ላይ ከዜሮ በታች 23.9 ዲግሪ ተመዝግቧል። ከኬቢሊ የሚበልጥ የሊቢያ 58 ዲግሪ ነበር፤ ለ90 ዓመት ያህል የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2012 ተሰረዘ። መሣሪያውን ያነበበው ሰው ልምድ ስላልነበረው 7 ዲግሪ ያህል ሳያበዛ አልቀረም ተባለ። የኬቢሊውንም የሚጠራጠሩ ባለሙያዎች አሉ፤ የድሮ ቁጥር ሁሉ ሳይመረመር ባይታመን ይሻላል።

የእኛዋ ዳሎል የምትታወቀው በአንድ ቀን ቃጠሎ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 ሲለካ ሌሊቱና ቀዝቀዝ የሚሉት ወራት ሳይቀሩ ተደምረው የዓመቱ አማካይ ከ34 ዲግሪ በላይ ነበር። ሰው በኖረበት ቦታ ከተመዘገበው ሁሉ ይህን የሚበልጥ የለም።

ትንበያው ለመተማ 42 ዲግሪ ካለ፣ ያ የጥላ ቁጥር ነው፤ ማሳ ላይ ፀሐይ የሚመታው ሰው ከዚያ የባሰ ይገጥመዋል። በዚያ ወቅት የምትወርዱ፣ ሥራውን ለማለዳና ለማታ አድርጉት፤ ውሃም ሳይጠማችሁ ጠጡ።