«ፈረስ» ማለት ብቻ ስለማይበቃ

በሐዋሳ ከተማ በፍርድ ቤት መዝገብ ሥራ ላይ ያለን ጸሓፊዎች ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረን አንድ ቃል አለ፤ ይኸውም «ፈረስ» የሚለው ነው። ከደጋው አገር የመጣ ባለጉዳይ «ፈረሴ ጠፍቶ በእገሌ በረት ተገኘ» ብሎ ያመለክታል። ተከሳሹም «ፈረሱ የእኔ ነው» ሲል ይመልሳል። ሁለቱም የተናገሩት የወገኑን ስም ብቻ ስለ ሆነ፥ ዳኛው በዚህ ሊፈርድ አይቻለውም።

ፈረስ የሚለው ስም በግእዝም በዐረብኛም አንድ ሆኖ ጠቅላላውን ወገን ይጠራል። አባቶቻችን ግን በዚህ አልተወሰኑም፤ ሴቲቱን ባዝራ፥ ያልተኮላሸውን ወንድ ድንጉላ፥ የተኮላሸውን ሰንጋ፥ ልጁን ውርንጭላ አሉ። ይህም የቃል ጌጥ አይደለም። ባዝራ የተወሰደችበት ሰው በሌላ በረት ሳለች የወለደችውን ውርንጭላ ጭምር ይጠይቃል፤ በማመልከቻው «ፈረስ» ብቻ ብሎ ከጻፈ ግን ጥያቄውን በገዛ እጁ ያደበዝዘዋል።

መልኩም ስም አለው። ቀዩ ዳማ፥ ነጩ አምባላይ፥ ጥቁሩ ጉራቻ ነው፤ ይህ የመጨረሻው ከኦሮምኛ የመጣ ቃል ነው። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦቃ ይባላል። አረማመዱንም ሶምሶማ፥ ግልቢያ እያሉ ይለዩታል። ሰጋር የሚለው ግን ይልቁን ለበቅሎ ይስማማል፤ መኳንንቱ በመንገድ ሰጋር በቅሎ ተቀምጠው ሲሄዱ ፈረሱን አሽከር እየሳበ ይከተላቸው ነበርና።

ከዚህም አልፎ ፈረሱ የራሱ መጠሪያ አለው። ሲዳሞን የገዙት ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ አባ ነፍሶ፥ ዳግማዊ ምኒልክም አባ ዳኘው የተባሉት በፈረሶቻቸው ስም ነው።

ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. የተቆረቆረች ከተማ ስለ ሆነች፥ ብዙዎቹ ልጆቻችን ፈረስን ያወቁት ከኮርቻ በታች ሳይሆን ከጋሪ ፊት ነው። በክረምት ወደ ሀገረ ሰላም ደጋ ስንልካቸው አያታቸው «ያችን ባዝራ ሳብልኝ» ቢላቸው፥ ሰንጋውን ስበው ይመጣሉ። አያትየው ይሥቃል፤ እኛ ወላጆች ግን የምንሥቅበት ነገር አይደለም፤ በቤት ሳለን ብንነግራቸው ብዙ ጊዜ አይፈጅብንምና።

ለሽያጭ ውልም ሆነ ለአቤቱታ የሚጽፍ ሰው እንዲህ ይጻፍ፤ «ዳማ ባዝራ፥ ግንባርዋ ቦቃ፥ የኋላ ግራ እግርዋ እስከ ቁርጭምጭሚትዋ ነጭ፥ የአንድ ዓመት ጉራቻ ውርንጭላ የምታስከትል።» እንዲህ ያለ ጽሑፍ በእጃችን ሲገባ፥ የተላከው ሰው ወደ በረቱ ሄዶ ከሃያ ፈረስ መካከል እርስዋን ለይቶ ያወጣታል።