ለትምህርት ቤት የሚሆን ድምፅ ማጉያ አመራረጥ፤ የባሕር ዳርንና የጣናን ዳርቻ ሁኔታ መነሻ በማድረግ

የጧት የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ ዝግጅት፣ የወላጆች ስብሰባና የዓመቱ መዝጊያ በዓል በማናቸውም ትምህርት ቤት የሚደረጉ ናቸው። በእነዚህ ጊዜያት ሁሉ በሰልፉ መጨረሻ የሚቆሙት ተማሪዎች የሚነገረውን በትክክል ይሰማሉ ወይ የሚለው ጥያቄ ግን እምብዛም አይነሣም። ርእሰ መምህሩ ስለ ፈተና ፕሮግራም ለውጥ ወይም ስለ ወባ መከላከል ተናግሮ ሲያበቃ፣ የኋላው ሰልፍ የሰማው ጩኸት ብቻ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። መሣሪያው ከት/ቤቱ የውስጥ ገቢ ወይም ከወላጆች መዋጮ የሚገዛው በብዙ ዓመት አንድ ጊዜ ስለሆነ፣ በምርጫው ላይ የተፈጸመ ስሕተት ለረጅም ጊዜ አብሮ ይኖራል። ስለዚህም ልዩ ልዩ ዓይነቶችን በምን መመዘኛ ማወዳደር እንደሚገባ ከዚህ በታች ለማስረዳት እንሞክራለን።

በገበያ ላይ በብዛት የሚቀርበው ሕዝቡ «ሞንታርቦ» እያለ የሚጠራው ነው። ቃሉ የአንድ የኢጣሊያ ፋብሪካ መጠሪያ ሲሆን፣ በአገራችን የማንኛውም ፋብሪካ ትልቅ ድምፅ ማጉያ የወል ስም ሆኗል። ዛሬ ከእነዚህ መካከል እየበዛ የመጣው አምፕሊፋየሩ ከስፒከሩ ጋር በአንድ ሳጥን ውስጥ የተገጠመለት ዓይነት ነው። ገመዱ ጥቂት ነው፤ አንድ ሰው ሊሸከመው ይችላል፤ ሁለቱ ክፍሎች በፋብሪካ ስለተመጣጠኑም ልምድ የሌለው ተማሪ በቀላሉ አያቃጥለውም። ጉዳቱ የሚታወቀው ሲበላሽ ነው። አንዱ ክፍል ሲታመም ሳጥኑ በሙሉ ዝም ይላል።

ሻጩም ሆነ ገዢው አስቀድመው የሚያነሡት ዋትን ነው። ዋት ግን አምፕሊፋየሩ ለስፒከሩ የሚሰጠውን ኀይል እንጂ ለጆሮ የሚደርሰውን ድምፅ አይለካም፤ ብዙ ጊዜም የሚጻፈው መሣሪያው ለቅጽበት ብቻ የሚደርስበት ከፍተኛ ልክ ነው። ኀይሉ በእጥፍ ሲያድግ ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሮ «ድምፁ እጥፍ ሆነ» ብሎ የሚገምተው ወደ 10 ዴሲቤል ገደማ ሲጨመር ሲሆን፣ ይህም ኀይሉን ዐሥር እጥፍ ማድረግን ይጠይቃል። እንግዲህ ባለ 200 ዋቱን ትቶ ለባለ 400 ዋቱ ብዙ ገንዘብ የሚጨምር ት/ቤት ያተረፈው ነገር በጆሮ የማይለይ ያህል ሊሆን ይችላል።

ሊጠየቅ የሚገባው መሣሪያው በ1 ሜትር ርቀት ላይ የሚሰጠው ከፍተኛ የድምፅ ግፊት ስንት ዴሲቤል ነው የሚለው ነው። በገላጣ ሜዳ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ለምሳሌ ጄ.ቢ.ኤል. ኢዮን ዋን ኮምፓክት የተባለው ባለ ባትሪ ሳጥን በፋብሪካው መግለጫ 112 ዴሲቤል ይሰጣል፤ ይኸውም በ2 ሜትር 106፣ በ4 ሜትር 100፣ በ8 ሜትር 94፣ በ16 ሜትር 88፣ በ32 ሜትር ደግሞ 82 ይሆናል። ያማሃ ዲ.ቢ.አር. 10 በበኩሉ 129 ዴሲቤል እንደሚሰጥ ስለተገለጸ፣ በዚያው በ32 ሜትር 99 ይተርፈዋል። የፋብሪካ ቁጥር የቅጽበት ልክ ነውና ከሁለቱም ላይ 10 ያህል ቀንሶ ማሰብ ብልህነት ነው። የተሰለፉ ልጆች ማጉረምረምና በአጥር ውጭ የሚያልፍ ባጃጅ 60 ዴሲቤልና ከዚያም በላይ ሊደርሱ ይችላሉ፤ ንግግር በግልጽ እንዲሰማ ከዚህ ከ10 እስከ 15 ዴሲቤል መብለጥ ያስፈልገዋል። በዚህ ሒሳብ የመጀመሪያው ሳጥን በ32 ሜትር ላይ የሚበቃው በጭንቅ ነው። በአንጻሩ 8 ኪሎ ግራም ብቻ ይመዝናል፤ ባትሪውም እስከ 12 ሰዓት እንደሚሠራ ተነግሯል። ሁለተኛው 10.5 ኪሎ ግራም ሲሆን ባትሪ የለውም፤ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ከፍ ብሎ መሰማት አንድ ነገር ነው፤ መለየት ሌላ ነው። በአማርኛ «መጣ» እና «መታ»፣ «ቀበረ» እና «ከበረ»፣ «ጠራ» እና «ተራ»፣ «ጥል» እና «ትል» የሚለያዩት በአንድ ፊደል ነው። ተነባቢዎችን ለመለየት ጆሮ አብዝቶ የሚጠቀምበት ድምፅ በ2,000 እና በ4,000 ኸርዝ አካባቢ ይገኛል። በገበያ ላይ ገዢን የሚማርከው ወፍራም ድምፅ፣ ማለትም ደረትን የሚመታው፣ ለዚህ ምንም አይረዳም፤ እንዲያውም ይሸፍነዋል። ስለሆነም መሣሪያው ከመገዛቱ በፊት በሜዳ ላይ እንዲህ መፈተን ይቻላል፦ አንድ መምህር ከላይ የተጠቀሱትን የመሰሉ 20 ቃላት በማይክራፎን ያነባል፤ በመጨረሻው ረድፍ የቆሙ ተማሪዎች የሰሙትን ይጽፋሉ፤ ከዚያ ይታረማል። ወጪው አንድ ደብተር ወረቀት ነው። በሱቅ ውስጥ ዘፈን አጫውቶ መምረጥ ግን ፈተና ሊባል አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። ከዘጌ እስከ ወንዛዬ ፍል ውኃ አካባቢ ባሉት የገጠር ት/ቤቶች ዘንድ መብራት ያለማቋረጥ ይገኛል ብሎ ማቀድ አይቻልም። መጥቶ ሲሄድና ሄዶ ሲመጣ የሚፈጠረው የኀይል መዋዠቅም መሣሪያ ያቃጥላል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በሐይቁ ዳር በሚገኝ አንድ ት/ቤት ያየው ሳጥን ከተገዛ በሁለተኛው ክረምት መብራት ተመልሶ ሲመጣ ተቃጥሎ፣ ጠጋኝ ሳይገኝለት በዕቃ ግምጃ ቤት ተቀምጦ ነበር። በዚያ ዓመት ተማሪዎቹ የተሰበሰቡት በፉጨትና በርእሰ መምህሩ ጉሮሮ ነበር።

ለእንዲህ ያለው ስፍራ አቅራቢው የሚመርጠው የቀድሞውን ዓይነት ነው፤ ይኸውም በመኪና ባትሪ፣ በ12 ቮልት የሚሠራ ትንሽ አምፕሊፋየርና በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ጣሪያ ላይ የምናየው የጥሩምባ ቅርጽ ያለው ስፒከር። ብዙዎቹ ጥሩምባዎች በ1 ዋት ብቻ በ1 ሜትር ላይ 105 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ይሰጣሉ። በ30 ዋት 120 ይደርሳሉ ማለት ነው። በ1 ዋት 90 ዴሲቤል የሚሰጥ ተራ ስፒከር እዚያ ለመድረስ 1,000 ዋት ይፈልጋል። ጥሩምባው ለዘፈን አይሆንም፤ ወፍራሙን ድምፅ ፈጽሞ አያወጣውም። ለንግግር ግን የሚያስፈልገውን ክፍል ስለሚያወጣ ለጧቱ ሰልፍ ይበቃል። ባለ 60 አምፔር ሰዓት ባትሪ 720 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ብንጠቀምና መሣሪያው በአማካይ 20 ዋት ቢወስድ 18 ሰዓት ይሠራል። በቀን ሩብ ሰዓት ለሚፈጅ ሥነ ሥርዓት ይህ የ72 የትምህርት ቀናት አገልግሎት ነው፤ ነገር ግን የእርሳስ ባትሪ ጎድሎ ከከረመ ስለሚበላሽ በየወሩ መሞላት አለበት። አምፕሊፋየሩ ቢቃጠል ጥሩምባው ይተርፋል፤ ባትሪው ቢሞት ሌላ ከመኪና ዕቃ መሸጫ ይገኛል። በአንድ ሳጥን የተሠሩት ግን ብዙ ጊዜ ፋብሪካው ብቻ የሚያመርተውን የሊቲየም ባትሪ የሚፈልጉ ናቸው።

ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ፍርዱ ይለወጣል። እዚያ ጠጋኝ አለ፤ ሚኒ ሚዲያው ድራማና ሙዚቃ ያቀርባል፤ መሣሪያውም ከአዳራሽ ወደ ሜዳ ይመላለሳል። ስለዚህ አንዱን ሳጥን በቋሚ ላይ አድርጎ፣ ከኀይል መዋዠቅ የሚከላከል መሣሪያ ጨምሮ መግዛት ይመረጣል። ሳጥኑ መሬት ላይ ከተቀመጠ የፊተኛው ረድፍ ድምፁን ይጋርደዋልና ከተማሪዎቹ ራስ በላይ ከፍ ይበል። ቀን ቀን ነፋሱ ከሐይቁ ወደ የብስ ስለሚነፍስ፣ የከሰዓት በኋላ ዝግጅት ሲኖር ተናጋሪው ጀርባውን ለሐይቁ ቢሰጥ ነፋሱ ድምፁን ወደ አድማጩ ያግዛል። ማይክራፎኑም ከሳጥኑ ኋላ ይሁን፤ ከፊቱ ከሆነ ያ ሁላችንም የምናውቀው ፉጨት ይነሣል።

በመጨረሻ በስጦታ ስለሚመጡት ጥቂት እንበል። ከአሜሪካ ወገኖቻችን የሚልኳቸው አንዳንድ ሳጥኖች ለ120 ቮልት ብቻ የተሠሩ ስለሆኑ በእኛ 220 ቮልት ላይ እንደተሰኩ ይቃጠላሉ። በሳጥኑ ጀርባ ከ100 እስከ 240 የሚል ከተጻፈ ያለ ሥጋት ይሰካል። 120 ብቻ ከሆነ መጀመሪያ የሚገዛው መጠኑ የሚበቃ ትራንስፎርመር ነው፤ እርሱ እስኪገኝ ድረስም የኀይል ገመዱ ከሳጥኑ ተነጥሎ በርእሰ መምህሩ ቢሮ ይቀመጥ።