አይዳን ማን ይዝፈናት?

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 በጣሊያኗ ቬሮና ሩሲያዊቷ ሶፕራኖ አና ኔትሬብኮ ፊቷን ጠይም ተቀብታ መድረክ ወጣች። የተጫወተችው የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ የሆነችውን የቨርዲ ኦፔራ ባለታሪክ «አይዳ»ን ነው። በዚያው ከተማ «ላ ትራቪያታ»ን ልትዘፍን ቀጠሮ የያዘችው ጥቁር አሜሪካዊቷ ኤንጀል ብሉ ይህን ስትሰማ አልመጣም አለች። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎም ታማራ ዊልሰን የተባለች ነጭ ዘፋኝ እዚያው ቬሮና በዚሁ ቅብ ላይ ተቃውሞ አንሥታ ነበር።

ኦፔራውን ያዘዘው የግብጹ ከዲቭ እስማኤል ነው። ዲሴምበር 24 ቀን 1871 ካይሮ ላይ ሲታይ አይዳን የዘፈነችው ጣሊያናዊቷ አንቶኒዬታ ፖዞኒ ነበረች። መድረኩ ላይ የኢትዮጵያ ንጉሥ አሞናስሮ ተማርኮ ይገባል። አራት ዓመት ሳይሞላ እስማኤል እውነተኛ ጦሩን በእውነተኛዋ ኢትዮጵያ ላይ አዘመተ፤ በ1875 ጉንደት ላይ፣ በ1876 ጉራ ላይ ተደመሰሰ። ድሉ የአፄ ዮሐንስ ነበር። ካይሮ ግን ስለዚህኛው ንጉሥ ኦፔራ አላዘዘችም።

ጥቁር ሴት አይዳን በትልቅ የአሜሪካ መድረክ እንድትዘፍን እስከ 1933 መጠበቅ ነበረባት፤ እሷም ካትሪና ጃርቦሮ ናት። ሊዮንታይን ፕራይስ በ1985 ኦፔራን የተሰናበተችው በአይዳ ነው። የኤልተን ጆንና የቲም ራይስ ሙዚቃዊ ተውኔት በ2000 ብሮድዌይ ሲገባ ትሪኒዳድ የተወለደችው ሄዘር ሄድሊ ዋናዋ ሆነች፤ አይዳ ግን በዚህ ጊዜ የኑብያ ልዕልት ተብላለች።

እስያውያንም ይህንኑ ያውቁታል። «ሚስ ሳይጎን» በ1989 ለንደን ሲከፈት ዌልሳዊው ጆናታን ፕራይስ ዓይኑን በቅጥያ አስጠብቦ የአውሮፓና የእስያ ክልስ ሆኖ ተጫወተ። በ1990 ተውኔቱ ወደ ብሮድዌይ ሊሻገር ሲል የአሜሪካ ተዋንያን ማኅበር ከለከለው፤ አዘጋጁ ካሜሮን ማኪንቶሽ ተውኔቱን ሰርዤዋለሁ ሲል ማኅበሩ በቀናት ውስጥ ተመለሰ። ፕራይስ የቶኒ ሽልማት ወሰደ፤ ፊሊፒናዊቷ ሊያ ሳሎንጋም ወሰደች። ለእሷ የተከፈተ በር ነበረ፤ የወንዱን ሚና ግን እስያውያን ተዋንያን እየተመኙት ሌላ ሰው ተቀብቶ ገባበት። ቅሬታው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በትውልድ ሳይሆን በሙያ ለሚሰጥ ቦታ የደቡብ ጎንደሯ ጋይንት ጥሩ ምሳሌ አላት። እዚያ ያለችው ቤተልሔም የቤተ ክርስቲያን ዜማ መጽሐፍ የሆነው የድጓ ምስክር ቤት ናት። ተማሪው ከጎጃምም ይምጣ ከሸዋ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ ጎጆ ቀልሶ፣ ምልክቱን ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ ድጓውን በእጁ ጽፎ ያስመሰክራል። ካስመሰከረ ወዲያ የጋይንት ተወላጅ አይደለህም ብሎ ከወንበር የሚያስነሣው የለም። ቅዱስ ያሬድ ዝማሬና መዋሥዕትን እንደ ደረሰባት የሚነገርላት ዙር አምባም ልማዷ ይኸው ነው።

ጋይንትና ጎረቤቶቿ ስማዳና እስቴ ማሲንቆ ላይ ሲደርሱ ግን ልባቸው ይጠብባል። አዝማሪነት ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ፣ እርስ በርስ የሚጋቡበት ሙያ ሆኖ ቆየ። ሰርጉን የሚያደምቀው አዝማሪ ልጁን ለባለ መሬት ቤት ልዳር ቢል የሚገጥመውን የሚያውቅ ያውቃል። የጨዋ ልጅ ማሲንቆ ቢያነሣ ደግሞ ቤተሰቡ ያፍር ነበር። ዛሬ ሆቴልና ባህል ቤት ውስጥ ባህላዊ ልብስ ለብሶ እስክስታ የሚመታው የከተማ ወጣት ብዙውን ጊዜ ከአዝማሪ ቤት አይደለም፤ ጭብጨባው ለእሱ ነው፤ ሙያውን ያቆየው ቤተሰብ ስም ሲጠራ ግን ዛሬም ድምፅ ዝቅ ይደረጋል።