ሳንቲሙና ሰርጓጅ መርከቡ፦ በ«ኢን ዘ ሀንት» የአርኬድ ጨዋታ ውስጥ የጊዜ አያያዝ

መግቢያ

በሆሳዕና፣ በዱራሜ ወይም በአካባቢው ከተሞች ጆተኒ ተጫውቶ የሚያውቅ ሰው የከፈለው ገንዘብ ምን ያህል ጨዋታ እንደሚገዛለት አስቀድሞ ያውቃል። ወሰኑን የሚያበጁት ኳሶቹ ናቸው፤ የመጨረሻው ኳስ ሲገባ ጨዋታው ያበቃል። በፕሌይስቴሽን ቤት ደግሞ የኳስ ግጥሚያው ደቂቃ አስቀድሞ የተወሰነ ነው። በሁለቱም ዘንድ ፍጻሜው የታወቀ ስለሆነ ባለቤቱ ተጫዋቹን የሚያጣድፍበት የተለየ ብልሃት አያስፈልገውም።

በሳንቲም የሚሠራው የአርኬድ ማሽን ግን ሌላ ችግር ነበረበት። አንድ ጎበዝ ተጫዋች በአንድ ሳንቲም ለረጅም ጊዜ ማሽኑን ሊይዝ ይችላል፤ በዚያ ሰዓት ሁሉ ለባለቤቱ የሚገባ ሌላ ገቢ የለም። ስለዚህ የጨዋታው ንድፍ ራሱ ተጫዋቹን ወደ ፍጻሜ መግፋት ነበረበት። ይህ አጭር ጽሑፍ ኢሬም የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው «ኢን ዘ ሀንት» የተሰኘ የሰርጓጅ መርከብ ጨዋታ ለዚህ ችግር የሰጠውን ያልተለመደ መልስ ያብራራል፤ መልሱም ዛሬ ጨዋታ ለሚነድፍ ተማሪ ያለውን ትርጉም ያመለክታል።

ከእርሱ በፊት የነበሩት መልሶች

የሰርጓጅ መርከብ ጨዋታ በአርኬድ ታሪክ ውስጥ አዲስ አልነበረም። ሴጋ እ.ኤ.አ. በ1966 «ፔሪስኮፕ» የተባለውን በኤሌክትሪክና በሜካኒክ የሚሠራ ማሽን አቅርቦ ነበር። ሚድዌይ እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣው «ሲ ዎልፍ» ውስጥ የጨዋታውን ርዝመት የሚወስነው ሰዓት ነበር፤ በቂ ነጥብ ያስቆጠረ ተጫዋች ጭማሪ ጊዜ ያገኛል።

ምስሉ ወደ ጎን የሚንሸራተት የተኩስ ጨዋታ ሲስፋፋ ሌላ መልስ መጣ። በኮናሚ «ስክራምብል» (እ.ኤ.አ. 1981) ምስሉ ያለማቋረጥ ይንሸራተታል፤ የአውሮፕላኑም ነዳጅ እየቀነሰ ይሄዳል። የኢሬም የራሱ ዝነኛ ሥራ በሆነው «አር ታይፕ» (እ.ኤ.አ. 1987) ነዳጁ ቢቀርም መንሸራተቱ አልቀረም። ተጫዋቹ ቆሞ ላስብ ቢል እንኳ ዓለሙ እርሱን አይጠብቀውም። በዚህ ዓይነት ንድፍ የጊዜ ባለቤት ማሽኑ ነው።

የሰርጓጁ ዝግታ

«ኢን ዘ ሀንት» ይህን ልማድ በአብዛኛው ተወው። በብዙው ክፍል ምስሉ የሚንሸራተተው ተጫዋቹ መርከቡን ወደፊት ሲያራምድ ብቻ ነው። መርከቡም ከባድና ዝግ ያለ ነው። ተጫዋቹ ቆሞ የጠላትን አመጣጥ ሊያይ፣ ፈንጂዎችን አንድ በአንድ ሊያጠፋ፣ ከዚያም ሊቀጥል ይችላል።

የመሣሪያው አሠራርም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። አንደኛው ቁልፍ ቶርፔዶ ወደ ፊት ይተኩሳል፤ ሁለተኛው ወደ ላይና ወደ ታች ይተኩሳል። መርከቡ ወደ ውኃው ገጽ ሲወጣ ደግሞ ወደ ላይ የሚተኮሰው መሣሪያ አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር ወደሚመታ መትረየስ ይለወጣል። ስለዚህ የውኃው ገጽ ለጌጥ የተሣለ መስመር አይደለም። ተጫዋቹ «መቼ ልውጣ? መቼ ልጥለቅ?» ብሎ እንዲወስን የሚያስገድድ ድንበር ነው። በሌሎች ጨዋታዎች በመንሸራተቱ ይፈጠር የነበረው ጫና እዚህ ወደ ቦታ ምርጫ ተዛውሯል።

የባለቤቱ ጥቅም ግን አልተረሳም። መርከቡ በአንድ ምት ይወድማል፤ ጠላቱና ፍንዳታው ማያ ገጹን ይሞላል። በአንዳንድ ቦታ ተጫዋቹ እንዲሸሽ የሚያስገድድ አሳዳጅ አለ፤ በባሕር ወለል ፍርስራሾች ውስጥ የሚያሳድደው ግዙፍ የድንጋይ ምስል ለዚህ ምሳሌ ነው። ሁለት ሰዎች አብረው ተጫውተው እስከ መጨረሻው ከደረሱም እርስ በርሳቸው እንዲዋጉ ይደረጋል። ማሽኑ የነጻ ጊዜ ይሰጣል፤ ዋጋውን የሚያስከፍለው በስሕተት ነው።

ያልታቀደው ዝግታ

ሌላም ዝግታ አለ። የጨዋታው ሥዕል እጅግ ዝርዝር ስለሆነ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ሲፈነዳ የማሽኑ አቅም ያንሳል፤ እንቅስቃሴውም ሁሉ ይጎተታል። ይህ በተለምዶ እንደ ጉድለት ይታያል። ይሁን እንጂ ጥይት በበዛበት ቅጽበት ለተጫዋቹ ተጨማሪ የማሰቢያ ጊዜ ስለሚሰጥ የጨዋታውን ክብደት በተግባር ይቀንሳል።

ይህ ለተመራማሪ የዘዴ ጥያቄ ያስነሣል። የድሮ ጨዋታዎች ዛሬ በአብዛኛው የሚጠኑት የማሽኑን አሠራር በሚመስል ፕሮግራም አማካይነት ነው። ፕሮግራሙ ሥዕሉንና ድምፁን በትክክል ቢያሳይም የዋናውን ማሽን መጎተት ካልቀዳ፣ ተመራማሪው የሚለካው ክብደት ተጫዋቾች በዘመኑ የገጠማቸው ክብደት አይሆንም። ስለዚህ በጽሑፉ ውስጥ በየትኛው መሣሪያ እንደተጫወተ መግለጽ ይኖርበታል።

ከዚህ ሥራ ጀርባ ከነበሩት ባለሙያዎች ከፊሉ በኋላ ናዝካ በተባለ ኩባንያ ተሰባስበው እ.ኤ.አ. በ1996 «ሜታል ስለግ»ን ሠሩ። በዚያም ምስሉ ባብዛኛው የሚንቀሳቀሰው በተጫዋቹ እርምጃ ነው፤ በማያ ገጹ አናት ላይ ግን ወደ ታች የሚቆጥር ሰዓት ይታያል። የጊዜ ጥያቄ ከንድፍ አውጪዎቹ አልራቀም ማለት ነው።

ለእኛ ያለው ትርጉም

የሳንቲም ማሽኑ ባለቤት ተጫዋቹ ቶሎ እንዲሸነፍ ይፈልግ ነበር። ዛሬ በስልክ የሚቀርቡ ብዙ ነጻ ጨዋታዎች ገቢያቸው ከማስታወቂያና በጨዋታው ውስጥ ከሚሸጡ ነገሮች ስለሚመጣ ፍላጎቱ ተገልብጧል፤ ሻጩ ተጫዋቹ እንዳይወጣ ይፈልጋል። እንግዲህ እ.ኤ.አ. በ1993 ለተጫዋቹ ችሮታ የነበረው «ቆይ፣ አትቸኩል» የሚል ንድፍ በስልክ ላይ ማሰሪያ ሊሆን ይችላል። አንድ የንድፍ ብልሃት በራሱ መልካም ወይም ክፉ ነው ማለት አይቻልም፤ የሚመዘነው ከክፍያው ሥርዓት ጋር ተያይቶ ነው።

ስለዚህ ለመመረቂያ ሥራው ጨዋታ ለመሥራት ያሰበ ተማሪ፣ በሆሳዕናም ይሁን በሌላ ከተማ፣ ኮድ ከመጻፉ በፊት ሁለት ጥያቄዎችን በጽሑፍ ቢመልስ ይጠቅመዋል። ጨዋታውን የሚያበቃው ምንድን ነው? ጨዋታው ቢረዝም ወይም ቢያጥር የሚጠቀመው ማን ነው? የጆተኒ ጠረጴዛ ሁለቱንም በኳሶቹ ቁጥር በግልጽ መልሷል። በማያ ገጽ ላይ ያለው ጨዋታ ግን መልሱን በንድፉ ውስጥ ይሸሽጋል፤ ያንን ገልጦ ማሳየት የአጥኚው ሥራ ነው።