በእንተ ግብረ እም፤ ይኸውም የእናት የዕለት ሥራ ሃይማኖትን እንዲያስተምር የሚያስረዳ

በስመ ሥላሴ ቅዱስ።

ነቢዩ ኢሳይያስ በ49ኛው ምዕራፍ በ15ኛው ቁጥር የእግዚአብሔርን ፍቅር ሲናገር እናትን አብነት አደረገ። እናት የወለደችውን መርሳቷ የማይመስል ነገር መሆኑን አሳይቶ፥ እርሷ እንኳ ብትረሳ እግዚአብሔር ግን ጽዮንን እንዳይረሳ አስረዳ። ስለ ምን በንጉሥ ወይም በካህን አልመሰለም ቢሉ፤ ንጉሥ የሚያገለግለውን ይወዳል፥ ካህንም የሚሰማውን ያስተምራል፤ እናት ግን ገና ምንም ያላገለገላትን፥ ቃሏንም ገና የማያስተውለውን ትወዳለች። አንድም፤ የንጉሥ ግቢ ለሁሉ አይገለጥም፤ የእናትን ጡት ግን መኰንኑም ባላገሩም ያውቀዋልና ምሳሌው ለሁሉ እንዲደርስ ነው።

ነገር ግን በዚህ ጥያቄ ይነሣል። ከአዘዞ እስከ ደባርቅ ባለው ደጋ ሕፃን የታቀፈች ሴት ማሕሌት ቆማ አታድርም። ወንድ ስትወልድ 40 ቀን፥ ሴት ስትወልድ 80 ቀን ከቤተ ክርስቲያን ትቆያለች፤ ከዚያም በኋላ ልጁ ሲያለቅስ ከቅዳሴው መካከል ይዛው ትወጣለች። ስለዚህ አንዳንዱ የእርሷ ዘመን ጸሎት የጎደለው ዘመን ነው ይላል፤ እርሷም ይህን አምና ታዝናለች። መጻሕፍትን ለሚመረምር ግን ዘመኑ የተማረችበት እንጂ የከሰረችበት አይደለም። ይህም በአምስት ክፍል ይታወቃል።

1ኛ፤ ስለ ምጥ። ጎረቤቶቿ ነፍሰ ጡርን ማርያም በሽልም ታውጣሽ ይሏታል፤ ስትገላገልም እንኳን ማርያም ማረችሽ ይሏታል። ጌታችን በዮሐንስ ወንጌል በ16ኛው ምዕራፍ የደቀ መዛሙርቱን ኀዘን በወላድ መሰለው፤ ልጅ በተወለደ ጊዜ የምጡ ጭንቅ በደስታ ይሸፈናልና። ደስታው ከምጡ በኋላ ብቻ የመጣ ነውን ቢሉ፤ አይደለም፥ በምጡ ውስጥ የመጣ ነው እንጂ። ምጡ ባይኖር ልደቱም የለምና። ትንሣኤም ከመስቀል የተነጠለ አይደለም ማለት ነው። አንድም፤ ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች በ4ኛው ምዕራፍ ስለ እነርሱ ዳግመኛ እንደሚያምጥ ጻፈ፤ መምህር ያለ ሕማም ደቀ መዝሙር አይወልድምና።

2ኛ፤ ስለ 40ና ስለ 80 ቀን። ይህ ሥርዓት በኦሪት ዘሌዋውያን በ12ኛው ምዕራፍ ተጽፏል። አራስ ከቤተ ክርስቲያን መቆየቷ ቅጣት ነውን ቢሉ፤ አይደለም። መጽሐፈ ኩፋሌ በ3ኛው ምዕራፍ አዳም በ40 ቀን፥ ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት እንደ ገቡ ይናገራል። ቤተ ክርስቲያን የገነት ምሳሌ ናትና ሕፃኑ ቀኑን ጠብቆ በጥምቀት ይገባል፤ ማተብም ይታሰርለታል። ቢታመምና ለሞት ቢያሰጋ ግን ቀኑ ሳይደርስ ይጠመቃል፤ ሥርዓት ለሰው መዳን ተሠራ እንጂ ሰውን ሊያስቀር አልተሠራምና። እመቤታችንም ኃጢአት ሳይኖርባት ቀኑን ጠብቃ የድኾችን መሥዋዕት፥ ይኸውም ሁለት ወፎችን ይዛ ገባች። ስለዚህ ድኻይቱ እናት ልጅዋን ታቅፋ በደጀ ሰላም ስትቆም፥ ሔዋን የወጣችበትን በር የሔዋን ልጅ ትገባበታለች።

3ኛ፤ ስለ ጡት። የመጀመሪያው ወተት፥ ይኸውም እንገሩ፥ ቢጫ ሆኖ ስለሚታይ ያልጠራ መስሏቸው አልበው የሚያፈሱት፥ በፈንታውም ለሕፃኑ ቅቤ የሚያውጡት አሉ። ዛሬ ሐኪሞች እንደሚያስተምሩ ግን እንገሩ ሕፃኑን ከደዌ የሚጠብቅ ነው፤ እስከ 6 ወርም ከጡት በቀር ውኃ እንኳ አያሻውም። ሰው የናቀው የሕይወት መጠበቂያ ሆኖ ተገኘ፤ ግንበኞች የናቁት ድንጋይ የማዕዘን ራስ እንደ ሆነ። ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ በ3ኛው ምዕራፍ ወተት መስጠቱን፥ ጽኑ መብል አለመስጠቱን ተናገረ። መምህር ዛሬ ለመጣው ምእመን ነገረ ሥላሴን በአንድ ቀን ልጨርስልህ ቢል፥ ጥርስ ላላወጣ ልጅ ቆሎ እንደ መስጠት ነው።

ጊዜው በደረሰ ጊዜ ግን እናት ጡቷን እሬት ወይም ሌላ መራራ ነገር ቀብታ ታስጥለዋለች። ሕፃኑ ይህን አይቶ እናቴ ጠላችኝ ይላል፤ እርሷ ግን እንጀራ ልታበላው ነው። እግዚአብሔርም የለመድነውን ጣፋጭ ሲያመርብን ስለ ጠላን አይደለም። ዳዊት በ130ኛው መዝሙር ነፍሱን ጡት በተወ ልጅ መመሰሉ ስለዚህ ነው፤ ጡት የተወ ልጅ ወተት ፍለጋ ሳይሆን እናቱን ስለ ወደደ ብቻ በጭኗ ያርፋልና። ስጦታውን ትቶ ሰጪውን መውደድ ይህ ነው።

4ኛ፤ ስለ አንቀልባ። የደጋ ሴት ልጅዋን በአንቀልባ አዝላ ትፈጫለች፥ እንስራ ይዛም ወደ ምንጭ ትወርዳለች። ሕፃኑ በጀርባዋ ሳለ ፊቷን አያይም፤ ነገር ግን ሙቀቷን ያውቃልና ይተኛል። ሃይማኖትም እንዲሁ ነው፤ በዕብራውያን መልእክት በ11ኛው ምዕራፍ የማይታየውን የሚያስረዳ ተብሏልና። ሰው በመከራ ጊዜ የእግዚአብሔርን ፊት አጣሁ ይላል፤ በጀርባው የታዘለ መሆኑን ግን አያስተውልም። ኢሳይያስ በ46ኛው ምዕራፍ ከማኅፀን እስከ ሽበት የሚሸከም እርሱ መሆኑን አስተምሯል።

5ኛ፤ ስለ ማስተማር። ጢሞቴዎስ ጳውሎስን ሳያገኝ አስቀድሞ ሃይማኖት በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ ነበረች። ሙሴም በፈርዖን ግቢ አደገ፤ ነገር ግን ያጠባችው እናቱ ነበረችና ወገኑን አልካደም። ልጃቸውን ለሞግዚት የሚሰጡ መኳንንት ይህን ያስተውሉ፤ ልጅ የሚጠባው ወተት ብቻ አይደለም።

ለዚህም አዘዞ ራሷ ምስክር ናት። አጼ ሱስንዮስ በ1614 ዓመተ ምሕረት የሮማን ሃይማኖት በግልጽ ተቀበሉ፤ በአዘዞም ገነተ ኢየሱስን አሠሩ። ፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ በመጣ ጊዜ ሕዝቡ ሁለተኛ እንዲጠመቅ ታዘዘ። በ40ና በ80 ቀን ልጅዋን ያስጠመቀች እናት ጥምቀትሽ ጥምቀት አይደለም ተባለች ማለት ነው። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1624 ዓመተ ምሕረት ንጉሡ ሕዝቡን ወደ ቀደመ ሃይማኖቱ መለሱ። በጡት የገባ ሃይማኖት በዐዋጅ አይወጣምና።

በዚያ ወራት የንጉሡ አማካሪ የመልክዐ ክርስቶስ ሚስት ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። እርሷ ግን ቤቷን ትታ መነኰሰች፤ ለሃይማኖቷም ተሰደደች፤ በ1635 ዓመተ ምሕረት እስክታርፍ ድረስ በጣና ዙሪያ ለተሰበሰቡ ብዙዎች እናት ሆነች። ልጅዋን የቀበረች ሴት እናትነቷ ከልጅዋ ጋራ ተቀበረን ቢሉ፤ አልተቀበረም። ፍቅሩ ሳለ እናትነቱ አለና።

እንግዲህ ካህናት ሆይ፥ ሕፃን ሲያለቅስባት ከቅዳሴ የምትወጣውን ሴት በክፉ ዐይን አትዩአት፤ ስታባብለውም በቅዳሴው ያለች ናት። አራሷን ጠይቁ፥ ኀዘንተኛይቱን አጽናኑ። መኳንንትም ሆይ፥ ድኻይቱ እናት ልጅዋን የምታሳድግበትን እንጀራ አትከልክሏት። ይህን የሚያደርግ የማይረሳውን አምላክ ይመስላል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።